እህቴ መስታወት ውስጥ የገባች ጊዜ

አሁን የምነግራችሁ ነገር አንዲት ቃል ሳትቀር እውነት ነው። ከዋሸሁ ምላሴ እንደ አሮጌ ጫማ ይድረቅ፤ ዓሣዬም ሳይሸጥ ቅርጫቱ ውስጥ ይበስብስ። በኦልድዊክ ገበያ ዓሣ ስሸጥ ጸጉሬ ሸብቷል፤ ደንበኞቼ ግማሾቹ ለዓሣው፣ ግማሾቹ ለወሬዬ እንደሚመጡም አላጣሁትም። ጥጃ የሚያህል ዓሣ ከወንዙ ወጥቶ እስከ ቤቴ ደጃፍ እንዳሳደደኝ ነግሬያቸው፣ እየሳቁ ገዝተው ሄደዋል። ይኸኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ይኸኛው እህቴን ሄስተርን ቆራርጠው፣ እሳት ውስጥ ከትተው፣ መስታወት ላይ ሊገጥሟት የነበረ ጊዜ የሆነ ነገር ነው። ያዳንኳትም እኔ ነኝ። እኔስ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። እኛ የጸሎት ቤት ሰዎች ነበርን። የጸሎት ቤት ሰው ቢራ አይቀምስም፣ ካርታ አይነካም፣ ሥዕል ፊት አይቆምም። የጸሎት ቤታችን መስኮት እንደ ውሃ የጠራ መስታወት ስለነበረ፣ ስብከቱ ሲረዝም በመስኮቱ የሚታየኝ የሥጋ ሻጩ ጓሮ ነበር። ስለ ነቢያት ካወቅኩት ይልቅ ስለ አሳማ ያወቅኩት የሚበልጠው ለዚህ ነው።

አባቴ ኢኖክ ፓርጂተር የጋሪ መንኮራኩር ይሠራ ነበር። በአገሩ ሌላ መንኮራኩር ሠሪ አልነበረም። ኮረብታው ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያንና ባለቀለም መስኮቶቹን ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። «እግዜር ብርሃንን ጥርት አድርጎ ፈጠረው። እሱን እንደ ጨርቅ ቀለም የሚነክር ማን ነው?» ይላል። በዚያ ዓመት ደግሞ ባሰበት። የቢራ ጠማቂው ሚስት የነበረችው፣ አሁን ባሏ የሞተባት ሚስስ ኦልድክሮፍት፣ በልጅነቷ ለተቀጨችው ልጇ ለካትሪን መታሰቢያ አዲስ መስኮት ልታሠራ ነው ተባለ።

«ቢራ ሽጠው ቅድስት ሊገዙ!» አለ አባቴ። ድንቹን ሳይጨርስ ከማዕድ ተነሣ።

እናታችን እኔን ስትወልድ ሞታለች። ያሳደገችኝ ሄስተር ናት። ሃያ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራት፤ አንገቷ ረጅም፣ ጸጉሯ እንደ ተወለወለ መዳብ ነው። አባቴ ያንን ጸጉር ሰው እንዳያየው በቆብ አሳስሮት ይኖራል። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ «የታመመች አሮጊት ልጠይቅ» ብላ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ትወጣለች። አንድ ሐሙስ ቅርጫቷ ውስጥ፣ ከዳቦው ጨርቅ ሥር፣ እንቁራሪት ከተትኩና ስትጮኽ ለማየት ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኳት።

የአሮጊቷን ቤት አለፈችው። ወንዙን ተሻገረች። ኮረብታውን ወጣች። ከዚያ፣ አባቴ ቢያይ በቁሙ የሚደርቅበትን ነገር አደረገች፦ በቤተ ክርስቲያኑ የጎን በር ገባች።

እኔ ያንን አጥር አልፌ አላውቅም። እዚያ ውስጥ ለጣዖት ይሰገዳል ሲባል ሰምቻለሁ። ጣዖት ምን እንደሚመስል ለማየት ነፍሴ ስለጓጓች በበሩ ስንጥቅ አጮለቅኩ።

ሄስተር ሳጥን ላይ ቆማለች። ቆቧ የለም። ጸጉሯ እስከ ወገቧ ወርዷል። እንደ ሬሳ በነጭ አንሶላ ተጠቅልላለች፤ አንድ እጇን ደግሞ መንኮራኩር ላይ አሳርፋለች። መንኮራኩሩን አወቅኩት። ተሰንጥቆ አባቴ ከሱቁ ጀርባ የጣለው፣ እኔ ከኮረብታ ላንከባልለው ስፈልገው የከረምኩት ነበር። ፊት ለፊቷ ቀጭን ሰውዬ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በእንጨት ይለካታል። ጣቶቹ ሁሉ በቁስል ጨርቅ የታሰሩ ናቸው። ሚስተር ቬሲ፣ የመስኮቱ ሠዓሊ ነው።

«አትተንፍሺ» አላት።

«ከገባሁ ጀምሮ መች ተነፈስኩ?» አለች ሄስተር፣ ሳቋን አፍና።

«እንግዲያው ሞተሻላ። ተመስገን፣ የሞተ ሰው አይነቃነቅም።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

በሌላኛው በር ቄሱ ገባ። «እንዴት ነው ሚስተር ቬሲ፣ ልጅቷ አላለቀችም?»

«ጭንቅላቷን ሰኞ ወደ በርሚንግሃም እወስደዋለሁ» አለ ሰውዬው። «እጆቿ ይከተላሉ። እግሯ እንኳ አያስፈልገንም፣ ቀሚሱ ይሸፍነዋል።»

«እሳቱስ?»

«ሁለት ጊዜ ትገባለች። መጀመሪያ ስትወጣ መልኳ የጠፋ ይመስላል፣ ኋላ ይመለሳል። ድንገት ፊቷ ከተሰነጠቀ ሌላ እንቆርጣለን።»

«ሚስስ ኦልድክሮፍት ከአሁን አሁን እያለች ነው፤ ቶሎ በል እንጂ» አለ ቄሱ፣ ስለ ኬክ እንደሚያወራ ሰው።

ዛሬ ይህ የመስታወት ሠሪ ተራ ወግ መሆኑን አውቃለሁ። ጭንቅላቱ ለብቻው ከአንድ መስታወት ይቆረጣል፣ እጁ ከሌላ። ፊቱ በቀለም ተሥሎ እቶን ውስጥ ይጠበሳል፣ ከዚያ ቁርጥራጩ በእርሳስ ብረት ይጋጠማል። ግን ያኔ ማን ነገረኝ? እኔ የሰማሁት የእህቴ ጭንቅላት ሰኞ እንደሚሄድ ነው። እሷም ይህን እየሰማች ፈገግ ብላለች!

ልጮህ አፌን ስከፍት እንቁራሪቷ ቀደመችኝ። ከቅርጫቱ ዘላ ቄሱ ጫማ ላይ አረፈች። ቄሱ ጮኸ፣ ሄስተር ከሳጥኑ ወደቀች፣ የእኔን ጆሮ ደግሞ ከኋላ አንድ እጅ ያዘው።

እማማ ቲቢት ነበረች፤ ቤተ ክርስቲያኑን የምትጠርገው አሮጊት። እየጎተተች ወደ ዋናው አዳራሽ አስገባችኝ።

«የኢኖክ ፓርጂተር ልጅ! በእኛ ቤት! አባትሽ ቢሰማ ዓይንሽን በሳሙና ያጥበዋል።»

«አልነግረውም እማማ።»

«እኔም አልነግረው። በይ ከገባሽ አይቀር እዪ፤ የእናንተ ቤት እንደሆን ከአሳማ በቀር የሚታይ የለበት።»

ቀና ስል ግድግዳው በቀለም ይነዳል። ወለሉ ላይ ሰማያዊና ወርቃማ ብርሃን ፈሷል። እጄን ዘረጋሁ፣ መዳፌ ቀላ። ደማሁ ብዬ በሽርጤ ጠረግኩት፤ አልለቀቀም። እጄን ስስበው ጠፋ። ደሙ የት ሄደ? ደግሜ ዘረጋሁት፣ መጣ።

«ይሄ የብረት ፍርግርግ የያዘው ማነው?»

«ሎሬንስ። እሱ ላይ አስተኝተው ጠበሱት።»

«ይቺ ዓይን በሳህን የያዘችው?»

«ሉሲ። ዓይኗን አወጡት።»

«ታዲያ በምን ታየናለች?»

«በቅድስናዋ። ዝም ብለሽ ስሚ። ያ ቆዳውን እንደ ኮት ክንዱ ላይ የጣለው በርተሎሜዎስ ነው፤ ገፈፉት። ሁሉም የተገደለበትን ይይዛል። አለዚያማ ማን ማን እንደሆነ በምን ይለያል? ፊታቸው እንደሆን እንቁላል ነው፣ አንድ ዓይነት።»

«ቀይ የለበሱትስ?»

«ደማቸው የፈሰሰ።»

«እማማ፣ መንኮራኩር የያዘች ብትኖርስ?»

«ካትሪን ናታ። መንኮራኩር ላይ አስረው ሊፈጯት ነበር። መልአክ ከሰማይ ወርዶ መንኮራኩሩን እንክትክቱን አወጣው።»

«ዳነች!»

«ለጊዜው» አለች እማማ ቲቢት፣ የሸረሪት ድር እያወረደች። «ኋላ አንገቷን ቀሏት።»

ከኮረብታው እየተንደረደርኩ ስወርድ ነገሩ በጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ጋሪ ይንኳኳ ነበር። ሄስተር መንኮራኩር ይዛለች። የሚያዘው የተገደሉበት ነው። በኦልድዊክ ደግሞ መንኮራኩር የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አባቴ።

በማግሥቱ ሚስተር ቬሲ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወደ አባቴ ሱቅ መጣ። እኔ ከእንጨት ፍቅፋቂው ክምር ጀርባ ተደብቄያለሁ። አፍንጫዬ ውስጥ የእንጨት ብናኝ ገብቶ ማስነጠሴን በሁለት እጄ አፍኛለሁ። ከመጋዙ ድምፅ በላይ የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው። «ልጅህን...» አለ ሰውዬው። «በክብር...» አለ። «ለሥዕል ነጋዴ?» አለ አባቴ። «ከቤቴ ውጣ!» ሰውዬው ወጣ። ሄስተር ተጠራች።

«ከዚያ ሰውዬ ጋር ከሄድሽ ለእኔ ሞተሻል» አላት አባቴ።

«እንግዲያው እሞታለሁ አባዬ» አለች ሄስተር።

ሁለቱ የተስማሙ መሰለኝ። እንደ ሥራ ጉዳይ ተነጋግረው ጨረሱ። ጭራሽ አባቴ ጨምሮ፣ «ነገ ቅዳሜ ግን ውሃ ታቀብያለሽ። ገበሬው ያዘዘው ትልቁ መንኮራኩር እሳት ያያል» አላት። «አቀብላለሁ» አለች።

ማታ ጸጉሬን ስታበጥርልኝ ላስጠነቅቃት ሞከርኩ።

«ሄስተር፣ ጭንቅላትሽን በርሚንግሃም ሊወስዱት ነው።»

ማበጠሪያው ቆመ። ከዚያ ሳቀች፤ ወይ አለቀሰች፣ ከኋላዬ ስለነበረች አላየሁም። «ጭንቅላቴማ ከሄደ ሰነበተ፣ ዶርካስ» አለችኝ። «ሌላውም መከተሉ አይቀርም። ለአባዬ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ።»

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይረዳል? ለመሞት የቸኮለ?

ቅዳሜ ደረሰ። መንኮራኩር የብረት ቀለበት ሲለብስ አይታችሁ ከሆነ፣ ለልጅ እንዴት እንደሚያስፈራ ታውቃላችሁ። ቀለበቱ ግቢው መሀል በክብ እሳት ይቀላል። ወንዶቹ በጉጠት አንሥተው፣ መሬት ላይ የተጋደመው የእንጨት መንኮራኩር ላይ ይጥሉታል። እንጨቱ በነበልባል ይያያዛል። ወዲያው ውሃ ይደፋበታል፤ ብረቱ እየፏጨ ይኮማተራል፣ መገጣጠሚያው ሁሉ እንደ አጥንት ይንቋቋል፣ ከዚያ ያ መንኮራኩር ዕድሜ ልኩን አይላቀቅም። ሁሉም ነገር ውሃው ላይ ነው። ውሃው ከዘገየ መንኮራኩሩ ከሰል ይሆናል።

መልአክ ይመጣ እንደሆነ ብዬ ጠዋቱን ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሳይ ቆየሁ። ከቁራ በቀር የመጣ የለም። ስለዚህ ሥራውን ራሴ ያዝኩት። ሰው ሁሉ እሳቱን ከብቦ ሳለ ከትልቁ የውሃ በርሜል ጀርባ ተሳብኩና ውታፉን ነቀልኩት። ውሃው በአጥሩ ሥር ወደ ሥጋ ሻጩ ጓሮ ወረደ። አሳማዎቹ ደስ አላቸው።

«አንሡ!» አለ አባቴ። ገበሬውና ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ በጉጠት አነሡ። ቀዩ ቀለበት ወረደ። ነበልባሉ ተነሣ። «ውሃ!»

ሄስተር ባልዲዋን በርሜሉ ውስጥ ወረወረች። ባዶ በርሜል ሲመታ እንዴት እንደሚጮህ ታውቃላችሁ።

«ውሃ አልኩ!»

«የለም! አባዬ፣ ውሃ የለም!»

እሳቱ የሰው ቁመት አከለ። ሄስተር ሽርጧን ፈትታ ነበልባሉን ልትደበድብ ዘላ ገባች። የቀሚሷ ጫፍ ጨሰ። አባቴ ከኋላዋ ተወርውሮ ወገቧን ያዘና ከመሬት አነሣት። ሊያወጣት ነበር፤ ይህን ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አይቷል። እኔ ያየሁት ግን አባቴ እህቴን መንኮራኩሩ ላይ ሲጥላት ነው።

«አትግደላት!» ብዬ ጮኽኩ። «አባዬ አትግደላት! ጭንቅላቷን ሚስተር ቬሲ ይውሰደው፣ ሌላውን ተውላት!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መንኮራኩሩ ብቻ ይንጣጣል። አባቴ ሄስተርን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጣት። ቅንድቡ ተቃጥሎ ፊቱ የማላውቀው ሰው ፊት ሆኗል።

«ምን ጭንቅላት?» አለኝ።

ምን ልበል? ሁሉንም ዘረገፍኩት። አንሶላውን፣ የተፈታውን ጸጉር፣ ከሱቁ ጀርባ የጠፋውን መንኮራኩር፣ የቅዱሳኑን ቀይ ልብስ፣ የእሳቱን ነገር፣ በሳህን ላይ ያለውን ዓይን ሳይቀር። ገበሬው ሳቅ አመለጠው። አባቴ አልሳቀም።

«የቢራው መስኮት ላይ?» አላት ሄስተርን።

«አዎ አባዬ።»

«የአንቺ ፊት?»

«የእኔ።»

«ሰው እንዲሰግድለት?»

«ሰው እንዲያየው ነው አባዬ። እንዲያየው ብቻ።»

አባቴ ሰውዬውን ምናልባት በጊዜ ብዛት ይቅር ይለው ነበር፤ ሠዓሊም ቢሆን ሠርቶ የሚበላ ሰው ነው። ልጁን የምስል መልክ ማድረጉ ግን የጸሎት ቤት ሰው የሚውጠው ነገር አይደለም። ይህን ዛሬ እላለሁ። ያኔ ያየሁት፣ አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን የሚቃጠለውን መንኮራኩር ከሰል እስኪሆን ቆሞ ሲያይ ነው።

ሄስተር ፀሐይ ሳትጠልቅ በዕቃ ጫኙ ጋሪ ሄደች። ስታቅፈኝ ጭስ ጭስ ትሸት ነበር።

«አዳንኩሽ አይደል?» አልኳት በጆሮዋ።

ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችኝ። «አዎ፣ አንቺ ቀዥቃዣ» አለች። «አዳንሽኝ።»

አጥሩ ላይ ወጥቼ ጋሪው እስኪጠፋ እንደ ጄኔራል ተኮፍሼ ተቀመጥኩ። መንኮራኩሩ ነዷል። የእህቴ ጭንቅላት አንገቷ ላይ ነው። ወደ በርሚንግሃም የሄደችውም ተቆራርጣ ሳይሆን ሙሉዋን ነው። ከዚያ የእራት ሰዓት ሆነ፤ ሦስት ሳህን አቀረብኩ። አባቴ አንዱን አንሥቶ ወደ መደርደሪያው መለሰው። ያኔ ነው ነገሩ የተምታታብኝ። የዳነ ሰው እራቱን አይበላም እንዴ?

ቅጠል ሲረግፍ መስኮቱ ተሰቀለ። ሾልኬ ገባሁ። ሄስተር እዚያ ላይ ናት። ቀይ ለብሳለች፣ ጸጉሯ ተፈትቷል፣ እግሯ ሥር የተሰበረ መንኮራኩር አለ። ፊቷ እንደሌሎቹ እንቁላል አይደለም፤ አገጯ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ አልቀረችም። «ሄስተር» አልኳት። አልመለሰችልኝም። እንግዲህ በመጨረሻ አስገብተዋታል፤ ዘግይቼ ነው የደረስኩት አልኩ። ይህ ሐሳብ ከውስጤ የወጣው፣ አድጌ በርሚንግሃም ሄጄ፣ ወፍራ፣ አግብታ፣ ልጆቿ ቀሚሷን እየጎተቱ በሩን ስትከፍትልኝ ነው። ጉንጯን ቆነጠጥኩት። «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ሚስተር ቬሲ ከጓዳ በታሰሩ ጣቶቹ እጁን አወዛወዘልኝ።

አባቴ ግን ስሟ እንዲነሣ አልፈቀደም። እሷ መምጣት ፈለገች፤ እሱ በሩን አልከፈተም። እኔ የምተርተው ሁሉ ያስቀዋል፣ «ሄስተር» ካልኩ ተነሥቶ ወደ ሱቁ ይሄዳል።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ብርዱ ሲገባ፣ ወደ ማምሻው ላይ መዶሻውን አስቀምጦ ወጣ። ተከተልኩት፤ እኔ የማልከተለው ሰው የለም። ኮረብታውን ወጣ። በበሩ አልገባም። በአጥሩ ዞሮ፣ ሳማውን እየረገጠ፣ ከመስኮቱ ሥር በውጭ በኩል ቆመ። መስታወቱን ከውስጥ ብቻ ያየ ሰው ይህን አያውቅም፦ ባለቀለም መስኮት ቀን ከውጭ ምንም አይታይበትም። ጥቁር ነው። የእርሳሱ መስመር ብቻ እንደ ሸረሪት ድር ይታያል፤ ሰው የለ፣ ቀለም የለ።

ሳይዞር፣ «ዶርካስ» አለኝ።

«አቤት አባዬ።»

«የት ጋ ናት?»

በጣቴ አሳየሁት። ቀና አለ። በዚያው ቅጽበት እማማ ቲቢት ለማታ ጸሎት የውስጡን መብራቶች አንድ በአንድ መለኮስ ጀመረች። ከጥቁሩ ውስጥ መጀመሪያ ቀዩ ቀሚስ ወጣ። ከዚያ እጆቿ። ከዚያ መዳብ የመሰለው ጸጉር፣ ከዚያ ሄስተር ራሷ፣ ወደ እኛ ወደ ውጭ እያበራች። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

እሺ። ምያለሁ፤ ዓሣዬም ገና አልተሸጠም። አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። መብራቱን። ቀኑ ሰኞ ነበር፣ ሰኞ የማታ ጸሎት የለም፤ እማማ ቲቢትም ቤቷ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ከውስጥ ማንም ምንም አልለኮሰም። መስኮቱ እንደጠቆረ ቀረ። እኔ በጣቴ ያሳየሁት ጥቁሩን ነው፤ አባቴም ባርኔጣውን ያወለቀው ለዚያ ለጥቁሩ ነው። ጣቴ በጨለማው እስኪጠፋ ድረስ፣ «አታውርጂው» ይለኝ ነበር።